ከቀልዱ በስተኋላ ያሉት አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና የሚለውን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተማሪው በትምህርት ቤት ግቢ፣ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት፣ ሽማግሌውም በሠርግና በተዝካር ቤት የእርሳቸውን ጨዋታ እያነሣ ይሥቃል። ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ ለእርሳቸው ይሰጣል፤ እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ የተፈጠረ ነገር እንኳ ሳይቀር በስማቸው ይነገራል። ይህን ያህል የታወቀ ሰው ግን በሕይወት ዘመኑ ከጨዋታ በቀር ምን ሠራ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከሣቂው መካከል መልስ የሚሰጠው ጥቂቱ ነው።

እኛም ዛሬ በዚህ ዓምድ ቀልዱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን፣ ከቀልዱ በስተኋላ ያለውን ሥራ ለወጣት አንባብያን ለማሳየት አስበናል። ይኸውም ሥራ በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ተክሌ እየተባለ የሚጠራው የአቋቋም ስልት ነው። ስልቱን የፈጠሩት አለቃ ገብረ ሐና ሲሆኑ ስሙ የእርሳቸው አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የታሪኩ ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነውና።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በዛሬው ደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ምድር፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ደብር ነው። የልደታቸው ዘመን 1814 ዓ.ም. እንደ ሆነ ተጽፏል። ፎገራን ላላየ ሰው አገሩን በጥቂቱ እንግለጽለት። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ርብና ጉማራ የተባሉ ሁለት ወንዞች ይወርዳሉ። ጉማራ በወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል ያልፋል፤ ሁለቱም ሰፊውን የፎገራ ሜዳ አቋርጠው ከጣና ይገባሉ። በክረምት ወራት ሜዳው በውሃ ይጥለቀለቃል። በሐይቁ ዳር ደንገል ይበቅላል፤ ባላገሩም ከደንገሉ ታንኳ ይሠራል። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ደንገሉ ሁሉ ባንድነት ጎንበስ ይላል፣ ባንድነትም ቀና ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሞገዱ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወደ ዳር ይመጣል። ናበጋ ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ ያድጋል። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

አገሩ የውሃና የከብት አገር ብቻ ሳይሆን የሊቃውንትም አገር ነው። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ ቤተልሔም የድጓ ትምህርት ዋና ምስክር ቤት ናት። ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ናት። ከኢትዮጵያ አራት ማዕዘን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚመጣው ተማሪ በእነዚህ ቦታዎች ዓመታት ይፈጃል። ገብረ ሐናም ልጅ ሳሉ የገቡበት መንገድ ይኸው ነበር፤ መንገዱም ወደ ጎንደር ከተማ አደረሳቸው።

በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደገው አንባቢያችን ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ በቅርብ ላያውቅ ይችላልና ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። የኖረበትም ዘመን 6ኛው መቶ ዓመት፣ ቦታውም አክሱም ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች የእርሱ ናቸው። በንጉሡ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በተመስጦ የጦራቸውን ጫፍ በእግሩ ላይ ተክለው ሁለቱም ሳይሰማቸው እንደ ቆዩ ትውፊቱ ይነግረናል። ስለዚህ ዜማችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመቅደሱም ከቤተ መንግሥቱም ጋር የተዛመደ ነው። ከያሬድ ብዙ ዘመን በኋላም፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማው በጽሑፍ እንዲያዝ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን ምልክቶች አበጁለት። የዜማውም መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ምልክቶች ይነበባል።

ነገር ግን ምልክቱ የሚጽፈው ድምፅን ነው። ሊቁ በማኅሌት ሲቆም እግሩን እንዴት እንደሚያነሣ፣ ወገቡን እንዴት እንደሚያዘነብል፣ መቋሚያውን በየት በኩል እንደሚመልስ የሚያስተምረው በፊቱ የቆመው መምህር ነው። አቋቋም የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው። ዜማው አስቀድሞ በቁም ዜማ፣ ያለ መሣሪያ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ቀጥሎም ጸናጽሉ ይነሣል፣ ከበሮው ይመታል፣ በመረግድና በጽፋት እየፈጠነ ይሄድና ማኅሌቱ ይሞቃል። ሦስቱ መሣሪያዎች፣ ማለት መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ፣ ከሰው አካል ጋር ካልተስማሙ ዜማው ጎደሎ ነው። የአቋቋም ተማሪ የሚደክመውም ይህን ስምምነት ለማግኘት ነው።

ጎንደር በዚያን ጊዜ የአቋቋም ከተማ ነበረች፤ የአቋቋሙም ዋና ቤት በዓታ ለማርያም ነበረች። ገብረ ሐና በዚያ ተምረው በዚያው ለማገልገልና ለማስተማር በቁ። ከአቋቋሙ ጋር ቅኔውን አደላድለው ያዙ። የቅኔ ቤት ተማሪ አንድን ቃል ሁለት ፍች አሸክሞ መናገር፣ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መደበቅ፣ ያንንም ሳይዘገይ ወዲያው ማድረግ ይማራል። ስለዚህ የአለቃ ቀልድ ከየትም የመጣ አይደለም። በቅኔ ማኅሌት የሠለጠነው አእምሮ በገበያና በግብዣ ቤትም ሥራውን አለማቆሙ ነው። ሰው የሳቀበትን ነገር በደንብ ቢመረምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቃሉ በታች ሁለተኛ ቃል ያገኛል።

አለቃ ለዐቅመ አዳም የደረሱበት ዘመን ለማኅሌት ሰዎች የቀና ዘመን አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ አገሪቱን አንድ ለማድረግና ሠራዊታቸውን ለመቀለብ ገንዘብና መሬት ያስፈልጋቸው ስለ ነበር፣ ዓይናቸው በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ወደቀ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው ወሰኑ። አምስቱ ለቅዳሴ ይበቃሉ። ደብተራውና መሪጌታው ግን፣ ሌሊቱን ቆሞ ማኅሌቱን የሚያደርሰው ሰው፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ንጉሡ ያሰቡት ለአገር እንደ ሆነ አንክድም፤ ሆኖም ውሳኔው በሥራ ላይ በዋለበት ሁሉ የያሬድ ሙያ የሚኖርበትን እንጀራ የሚያሳጣ ነበር። አለቃ ገብረ ሐና በዚህ ንጉሥ ዘመን፣ በኋላም በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን፣ በነገሥታቱ ዙሪያ እየታዩ አንድ ጊዜ ሲወደዱ አንድ ጊዜ ሲገፉ እንደ ኖሩ የቃል ታሪኩ ይመሰክራል። ምላሳቸው መንገድ የሚከፍትላቸውን ያህል መንገድ ይዘጋባቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጣና ዳር እንመለስ። በሊቃውንቱ ዘንድ ሲወርድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው፣ አለቃ የሐይቁን ሞገድ፣ ነፋሱም ደንገሉን ሲያወዛውዘው እየተመለከቱ፣ ይህን እንቅስቃሴ ወደ ማኅሌት ለማምጣት አሰቡ። ከበዓታ የተማሩት አቋቋም በጭዋነቱና በእርጋታው የተመሰገነ ነው። እርሳቸው ያሰቡት መቋሚያውና አካሉ እንደ ሞገድ እየተከታተሉ ከወዲያ ወዲህ እንዲያዘነብሉ፣ በአንድ ረድፍ የቆሙትም ሊቃውንት ነፋስ እንዳገኘው ደንገል ባንድነት እንዲሄዱና ባንድነት እንዲመለሱ ነው። የያሬድ ዜማ የያሬድ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የሚለወጠው የሰውየው አቋም ነው። ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ለእያንዳንዱ ዜማ እንቅስቃሴውን፣ የጸናጽሉን አጣጣልና የከበሮውን አመታት አስማምቶ መቀመር የዓመታት ሥራ ነው።

አለቃ ይህን ይዘው በጎንደር ሊቃውንት ፊት በቀረቡ ጊዜ ግን ሊቃውንቱ አልተቀበሏቸውም።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ ፈጥኖ በሊቃውንቱ ላይ እንዳይፈርድ እንለምናለን። አሮጌዎች አዲስ ነገር ይጠላሉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እነዚያ ሰዎች ግን አንድ ትልቅ አደራ ነበረባቸው። አቋቋሙን የሚይዝላቸው መጽሐፍ የለም፤ የሚይዙት በገዛ ራሳቸው አካል ነው። እያንዳንዱ ሊቅ ከሐይቅ ዳር ያየውን፣ ከተራራ ላይ የታየውን እየጨመረ ቢሄድ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ የቀደመው ስልት የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። አለቃ ራሳቸው የተማሩት አቋቋም እስከ እርሳቸው የደረሰው፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩትም ሊቃውንት እንደ እነርሱ እምቢ ይሉ ስለ ነበር ነው። ከዚህም በላይ የምንገምተው ነገር አለ። በቀልዱ የታወቀ ሰው ቁም ነገር ይዞ ሲመጣ ሰሚው በመጀመሪያ ሣቁን ያዘጋጃል። አለቃ በቃላቸው ያልነኩት ሰው ጥቂት ነበር፤ የተነካውም ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አይረሳም።

በዚህ ጊዜ በአለቃ ፊት ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ተከራክሮና ተሳድቦ መለያየት ነው፤ ለዚህ ከእርሳቸው የተሻለ ምላስ ያለው አልነበረም። ሁለተኛው ነገሩን ትቶ በታወቁበት ጨዋታ መቀጠል ነው። እርሳቸው ሁለቱንም ትተው ሦስተኛውን መረጡ። ልጃቸውን ተክሌን አቁመው የፈጠሩትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተማሯቸው። መቶ ሰው ለማሳመን ከመድከም አንድ ሰው አጥርቶ እንዲያውቅ ማድረግን መረጡ ማለት ነው።

ተክሌም የተማሩትን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ደብረ ታቦር ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጉና ግርጌ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ራስ ጉግሣ ከተማቸው አደረጓት፤ ራስ አሊም ከእርሳቸው በኋላ ተቀመጡባት። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በአቅራቢያዋ በጋፋት ነው። አፄ ዮሐንስም በየጊዜው ይሰፍሩባት ነበር። ከጎንደር ጋር ስትወዳደር አዲስ ከተማ ነበረች፤ እንደ እኛ ግምት አዲሱን ስልት ለመቀበል የቀለላትም ስለዚህ ነው። ተክሌ በዚያ አስተማሩ፤ ተማሪው በዛ፤ ተማሪውም ደግሞ አስተማረ። ከደብረ ታቦር የወጣው ሊቅ ወደየአገሩ ሲበተን ስልቱም አብሮት ተበተነ። ሕዝቡ አቋቋሙን ካስተማረው ሰው ስም ጠራው፤ ተክሌ አለው። የአባትዬው ስም ለቀልድ ቀረ፤ የልጅዬው ስም ለሥራው ሆነ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በጀርመን አገር ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የሚባል የሙዚቃ ሊቅ ነበረ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1685 ተወልዶ በ1750 ሞተ። በቫይማርና በከተን መሳፍንት ቤት፣ በመጨረሻም ከ1723 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በላይፕሲግ ቤተ ክርስቲያን አገልግሏል። ለመቅደስ የሚሆን ዝማሬም ሆነ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱት ሙዚቃ በብዛት ደርሷል። በሕይወቱ ሳለ የተመሰገነው ግን ከሁሉ በላይ በኦርጋን አመታቱ ነበር፤ ድርሰቱን ብዙው ሰው ጊዜ ያለፈበት ነው ይለው ነበር። ከሞተም በኋላ ባኽ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በፕሩሲያው ንጉሥ ቤት ያገለገለውን ልጁን ነበር። አባትዬው ወደ ክብሩ የተመለሰው በ1829፣ ሜንደልስዞን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ከትልልቅ ድርሰቶቹ አንዱን በበርሊን ባሰማ ጊዜ ነው። የአለቃ ገብረ ሐናም ነገር ይህን ይመስላል። ልዩነቱ፣ የባኽ ድርሰት በወረቀት ላይ ተጽፎ ቆይቶ አንባቢ እስኪያገኝ መጠበቅ ችሏል። የአለቃ ሥራ ግን በወረቀት ላይ አልነበረም። አንድ ትውልድ ብቻ ቢያቋርጠው ኖሮ የሚመልሰው ወጣት ከቶ አይገኝም ነበር።

የዚያን ዘመን ጎንደር የደረሰባትን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን አስዘርፈው አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ። የነደደው መጽሐፍ ስንት እንደ ሆነ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ከዚያ እሳት በኋላ ማኅሌቱ ዳግመኛ የተነሣው፣ ዜማውንና አቋቋሙን በአካላቸው የያዙ ሰዎች ስለ ተረፉ ነው። ያኔ የጎንደሩም ስልት የደብረ ታቦሩም ስልት ሁለቱም አስፈላጊ መሆናቸው ታየ። እምቢ ያሉት ሊቃውንት የጥንቱን ጠበቁልን፤ እምቢ የተባሉት አለቃ ደግሞ አዲሱን ሰጡን። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ድሃ እንሆን ነበር።

አለቃ ገብረ ሐና ያረፉት በ1898 ዓ.ም. እንደ ሆነ ተጽፏል፤ ዕድሜያቸውም 84 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ ተክሌን ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓላችን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዓለም ካደነቃቸው ነገሮች አንዱ ነጭ የለበሱ ሊቃውንት ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው በታቦቱ ፊት የሚያደርጉት ወረብና ሽብሸባ ነው። ከእነዚያም ሊቃውንት መካከል በተክሌ የሚቆሙት አያሌ ናቸው። አንባቢ በሚቀጥለው በዓል ተሰልፈው ሲያዘነብሉ ባየ ጊዜ፣ የናበጋን ደንገል እያየ እንደ ሆነ ያስታውስ።

ለወጣቱ ተማሪና ለወጣቱ ሠራተኛ ከዚህ ታሪክ የሚቀር ነገር አለ። ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሥራ ስንገባ ብዙዎቻችን አዲስ ሐሳብ ይዘን እንገባለን። ሐሳቡም በመጀመሪያው ስብሰባ ተቀባይነት ሲያጣ፣ አንዳንዳችን አለቆቻችንን ኋላ ቀሮች እያልን በየሻይ ቤቱ እንዘልፋለን፤ አንዳንዳችን ደግሞ ተስፋ ቆርጠን ደመወዝ መቁጠር ብቻ እንይዛለን። አለቃ ገብረ ሐና ለመዝለፍ ከሁላችንም የበለጠ ችሎታ ነበራቸው፤ ነገር ግን በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ዘለፋቸው አልረዳቸውም። የረዳቸው ሥራውን ከራሳቸው ስም አስበልጠው ለሌላ ሰው አሳልፈው መስጠታቸው ነው።

ስለዚህ የአለቃን ጨዋታ መናገር እንተው አንልም፤ እኛም አንተውም። ከሣቅን በኋላ ግን፣ እኒህ ሰው ከዚህ ሌላ የሠሩትም አለ ብለን ለታናናሾቻችን እንንገር። የተክሌ ስም በተነሣበት ሁሉ የገብረ ሐና ስም አብሮ ቢነሣ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘገየ ዕዳችንን ከፈልን ማለት ነው።